ማየት እንጂ መንካት የማይቻልበት መዝገብ፦ የማኅበራትን የመረጃ ቋት ከርቀት ለንባብ ብቻ ስለ መክፈት

በውጭ አገር ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ኃላፊዎች በመረጃ ጥበቃ ጉዳይ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል



በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸው ማኅበራት ከገንዘባቸው እኩል ሊጠብቁት የሚገባ ንብረት አላቸው፤ እርሱም መዝገባቸው ነው። ቀድሞ በአገር ቤት የእድር ጸሐፊ መዝገቡን በሣጥን ቆልፎ ያኖር ነበር። መጻፉ የጸሐፊው፣ ገንዘቡ የገንዘብ ያዡ፣ ምርመራው የቁጥጥር ኮሚቴው ነበር። መርማሪው መዝገቡን ገልጦ ያነባል እንጂ ብዕር አያነሣበትም። ይህ የሥራ ክፍፍል በጽሑፍ ባልተደነገገበት ስፍራ እንኳ ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት ነበር።

ዛሬ ያው መዝገብ በኮምፒውተር የመረጃ ቋት ውስጥ ገብቷል። የአባላት ስምና ስልክ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ለቀብርና ለአስከሬን መላኪያ የተቀመጠ ገንዘብ በዚያ ይገኛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ ያሉ የቤት ሠራተኞችን በሚረዱ ማኅበራት ዘንድ ደግሞ የፓስፖርት ቁጥር፣ የአሠሪ ስም፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የደረሰ በደል ሁሉ ይመዘገብበታል። ሣጥኑ ተለወጠ፤ የሥራ ክፍፍሉ ግን ከመዝገቡ ጋር አብሮ አልተሻገረም።

ገንዘብ ያዡ በስቶክሆልም፣ ሒሳብ መርማሪዋ በዋሽንግተን፣ ጥናት አድራጊው በለንደን ሲሆኑ መዝገቡን ከሩቅ ማየት የግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሁለት ልማዶች ይታያሉ። አንደኛው፣ ሁሉን ማድረግ የሚያስችለውን ዋና የይለፍ ቃል በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ለጠየቀ ሁሉ መላክ ነው። ሁለተኛው፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም እንዳያይ መዝጋት ነው። የመጀመሪያው መዝገቡን ለጥፋት ያጋልጣል። ሁለተኛው ማኅበሩን ከተጠያቂነት ያርቃል፤ ያ አንድ ሰው ቢታመም ወይም ቢለቅ ደግሞ መዝገቡ ራሱ ባለቤት ያጣል። የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማሳየትና ማኅበራት እንዲቀበሉት መጠየቅ ነው፤ ይኸውም መዝገቡን ከርቀት፣ ለንባብ ብቻ፣ በልክ መክፈት ነው።

አደጋው የሩቅ አይደለም

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የመረጃ ሰርቨሮቹ እንደ ተሰበሩ ይፋ አደረገ። የተደፈረው የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎቱ መረጃ ነበር። በጦርነት፣ በስደትና በተፈጥሮ አደጋ ከቤተሰባቸው የተለዩ፣ የጠፉና ወገን የሚፈልጋቸው እንዲሁም በእስር ያሉ ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ ሊገባ ቻለ። መረጃው የተሰበሰበው ቢያንስ በ60 የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ብሔራዊ ማኅበራት አማካይነት ነበር። ኮሚቴው በኋላ እንደ ገለጸው፣ ሰርጎ ገቦቹ ባልተጠገነ የሶፍትዌር ክፍተት ገብተው እስኪደረስባቸው ድረስ 70 ቀን ቆይተዋል። ይህን ያህል ዐቅምና ስም ያለው ድርጅት እንዲህ ከተደፈረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ትንሽ ማኅበር ራሱን ከአደጋው ውጭ አድርጎ ሊያይ አይገባም።

ጥፋት የሚመጣው ከሌባ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ ችግር ያጋጠመውን ቅጂ ሰርቨር ሲያስተካክል፣ የማጥፊያውን ትእዛዝ በዋናው ሰርቨር ላይ ሰጠ። ስሕተቱን ወዲያው ቢያስተውልም መረጃው ሄዶ ነበር። የመጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝ ከተዘረጉት ዘዴዎች ብዙዎቹ እንዳልሠሩ የታወቀው በዚያ ጭንቅ ሰዓት ነው። ኩባንያው በግልጽ ባወጣው ዘገባ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፍቷል። ያ ባለሙያ ሥራው ጥገና ስለ ነበረ ከፍተኛ ሥልጣን ያስፈልገው ነበር። መዋጮ ተከፍሎ እንደ ሆነ ለማየት ብቻ ለሚመጣ ሰው ያንኑ ሥልጣን መስጠት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሦስተኛው አደጋ በሩን ወደ አደባባይ ማውጣት ነው። ሻዶውሰርቨር የተባለው የደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንተርኔትን ሲያስስ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ የማይኤስኪውኤል ሰርቨሮች ከየትም ለሚጠራቸው ሁሉ መልስ ሲሰጡ አግኝቷል። እነዚህ ሁሉ ተዘርፈዋል ማለት አይደለም። ሆኖም የይለፍ ቃል እየገመተ ቀንና ሌሊት የሚሞክር ማሽን በሩን ለማግኘት አይቸገርም። «ከቤት ሆኜ ማየት እንድችል ክፈቱልኝ» የሚል ቀላል ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በእንዲህ ያለ ክፍት በር ነው።

ማንበብና መጻፍ የሚለዩበት

በሠንጠረዥ ላይ የተመሠረተው የመረጃ ቋት ሐሳብ መነሻው የአይቢኤም ተመራማሪ የነበሩት ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። መረጃው በረድፍና በዓምድ በተዋቀሩ ሠንጠረዦች ይቀመጣል፤ ሠንጠረዦቹም በጋራ መለያ ይገናኛሉ። የአባል ቁጥር በአባላት ሠንጠረዥና በመዋጮ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገኝ ሁለቱን ያያይዛል ማለት ነው።

ለዚህ ቋት ትእዛዝ የሚሰጥበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል። አራቱ ዋና ዋና ግሦቹም የታወቁ ናቸው፤ ሰሌክት ያነባል፣ ኢንሰርት አዲስ ረድፍ ያስገባል፣ አፕዴት ያለውን ይለውጣል፣ ዲሊት ይሰርዛል። እያንዳንዳቸው ተለይተው የሚሰጡና የሚነሡ ፈቃዶች ናቸው። መስጫው ግራንት፣ መንሻው ሪቮክ ይባላል። እንግዲህ ጸሐፊንና መርማሪን የሚለየው የጥንቱ ሥርዓት በነጻ በሚገኙት በፖስትግሬስኪውኤል፣ በማይኤስኪውኤልና በማሪያዲቢ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። ጎድሎ የሚገኘው ተጠቃሚው ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። የንባብ ፈቃድ መዝገቡን ከመለወጥ ይጠብቀዋል፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ሰው ከመጋለጥ አይጠብቀውም። በኮምፒውተር ላይ ያነበበ ሰው መቅዳት ይችላልና፣ ማንበብን መፍቀድ መቅዳትን መፍቀድ ነው። የተሰረዘ ረድፍ ከመጠባበቂያ ቅጂ ሊመለስ ይችላል፤ ያመለጠ ስምና ስልክ ግን የፈሰሰ ውኃ ነውና አይታፈስም። ስለዚህ «ለንባብ ብቻ ነው የሰጠነው» የሚለው ቃል ብቻውን ኃላፊነትን አያወርድም። «ማን ይለውጥ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ማን ምን ይይ?» የሚለውም መልስ ይፈልጋል።

ሦስት ጠያቂዎች፣ ሦስት የተለያዩ መልሶች

ለምሳሌ ያህል በአንድ የአውሮፓ ከተማ የተቋቋመ ማኅበር ይታሰብ። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሦስት ሠንጠረዦች አሉት፤ አባላት፣ መዋጮና አቤቱታ ይባላሉ። በአቤቱታው ሠንጠረዥ በሪያድ፣ በዱባይና በቤሩት ያሉ የቤት ሠራተኞች ስም፣ የአሠሪያቸው ስም፣ የሚደበቁበት አድራሻና የደረሰባቸው በደል ተጽፏል። ሦስት ሰዎች ፈቃድ ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያዋ ሒሳብ መርማሪዋ ናት። የሚያስፈልጋት የመዋጮው ቀን፣ መጠን፣ የደረሰኝ ቁጥርና የአባል ቁጥር ነው። የአባሉ የመኖሪያ አድራሻ አያስፈልጋትም፤ የአቤቱታው ሠንጠረዥ ከሥራዋ ጋር አይገናኝም። ስለሆነም አራቱን ዓምዶች ብቻ የምታይበት እይታ ይዘጋጅላታል። እይታ ማለት ከሠንጠረዡ ላይ የተመረጠውን ብቻ የሚያሳይ መስኮት ነው። በፖስትግሬስኪውኤል በተለመደው አሠራር እይታው ሠንጠረዡን የሚያነበው በባለቤቱ ሥልጣን ስለሆነ፣ መርማሪዋ በእይታው ላይ እንጂ በሠንጠረዡ ላይ ምንም ፈቃድ ሳይኖራት ሥራዋን መሥራት ትችላለች።

ሁለተኛው ጥናት አድራጊው ነው። ለሪፖርቱ የሚፈልገው በየአገሩና በየበደሉ ዓይነት የደረሱትን አቤቱታዎች ቁጥር ነው። ስም ለእርሱ ጥቅም የለውም፤ ለባለቤትዋ ግን ሕይወት ነው። ስለዚህ በየወሩ የሚታደስ የቁጥር ማጠቃለያ ይዘጋጅለታል። ከአንድ አነስተኛ ከተማ አንድ አቤቱታ ብቻ ደርሶ ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ሰውን ያመለክታልና፣ ከ5 በታች የሆኑ ቁጥሮች «ከ5 ያነሰ» ተብለው እንዲጻፉ ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛዋ ስልክ የምታነሣ በጎ ፈቃደኛ ናት። እርስዋ አዲስ አቤቱታ መመዝገብና የያዘችውን ጉዳይ መከታተል አለባት። የእርስዋ ሥራ ማንበብ ብቻ ስላልሆነ፣ መልሱም የመረጃ ቋቱን በቀጥታ መክፈት አይደለም። የያዘችውን ጉዳይ ብቻ የሚያሳይ ቅጽ ሊሠራላት ይገባል። የንባብ ፈቃድ ለሁሉ ጥያቄ መልስ እንዳልሆነ ማወቅ የዚሁ ፖሊሲ አካል ነው።

ይህ ሁሉ ልየታ ለምን ያስፈልጋል? በካፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ «ሁሩብ» እየተባለ የሚታወቀው የመጥፋት ክስ በአሠሪ ከተመዘገበባት የመኖር መብትዋን ልታጣ ትችላለች፤ ለእስርና ከአገር ለመባረርም ልትጋለጥ ትችላለች። የተደበቀችበት አድራሻ ከመዝገቡ ካመለጠ ዕዳው የሚወድቀው በማኅበሩ ላይ ሳይሆን በእርስዋ ላይ ነው። መዝገቡን የከፈተችው እርስዋ አይደለችም፤ ስምዋን የሰጠችው እርዳታ ፈልጋ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ይዘጋጃል?

ዝርዝሩን የሚፈጽመው ባለሙያ ነው። ነገር ግን ኃላፊዎች የሚያዝዙትን ማወቅ ስላለባቸው፣ የፖስትግሬስኪውኤል አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ አንባቢ የራሱ መለያ ይከፈታል። «ኦዲተር» የሚል አንድ መለያ ለሦስት ሰዎች ከተሰጠ ማን ምን እንዳየ ማወቅ አይቻልም፤ አንዱ ሲለቅም የሦስቱ የይለፍ ቃል መለወጥ አለበት። ፈቃዱ ራሱ ለአንድ የጋራ ሚና ይሰጥና ሰዎቹ ወደዚያ ሚና ይገባሉ። እንዲህ ሲሆን የሚታደሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ደረጃ ፈቃድ ይሰጣል። ከመረጃ ቋቱ ጋር የመገናኘት ፈቃድ ኮኔክት ይባላል፤ ሠንጠረዦቹና እይታዎቹ የተሰበሰቡበትን ስኪማ የመጠቀም ፈቃድ ዩሴጅ ይባላል፤ የማንበብ ፈቃዱ ሰሌክት ነው። አንባቢዎች የሚያዩአቸው እይታዎች በተለየ ስኪማ ቢቀመጡና ዩሴጅ የሚሰጠው በዚያ ስኪማ ላይ ብቻ ቢሆን ዋናዎቹ ሠንጠረዦች ከሩቅ ይጠበቃሉ።

በዚህ ሥራ ላይ ተደጋግመው የሚታዩ አምስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው፣ «በሁሉም ሠንጠረዦች ላይ» ተብሎ የሚሰጥ ፈቃድ በዚያ ሰዓት ያሉትን ብቻ ይመለከታል። ነገ የሚፈጠረው ሠንጠረዥ አይካተትም። ወደፊት የሚፈጠሩትንም የሚሸፍን የነባሪ ፈቃድ ትእዛዝ አለ፤ እርሱም ቢሆን የሚሠራው ትእዛዙ በተሰጠለት ፈጣሪ ስም ለሚፈጠሩት ብቻ ነው። አቤቱታ በሚመዘገብበት ቋት ግን ሳይታሰብ የሚስፋፋ ፈቃድ አደገኛ ስለሆነ፣ አዲሱን እያዩ አንድ በአንድ መጨመር ይመረጣል።

ሁለተኛው፣ አንባቢው ሲገባ ግብይቱ በነባሪነት ለንባብ ብቻ እንዲሆን የሚያደርገውን ማስተካከያ እንደ ቁልፍ ማየት ነው። ያንን ማስተካከያ አንባቢው ራሱ በአንድ ትእዛዝ ሊያነሣው ይችላል። ለስሕተት መከላከያ ጥሩ ነው፤ ለተንኮል ግን አጥር አይሆንም። እውነተኛው አጥር ያልተሰጠ ፈቃድ ነው።

ሦስተኛው፣ በቋቱ ውስጥ የተጻፉ ፈንክሽኖች ናቸው። በፖስትግሬስኪውኤል አዲስ ፈንክሽን ሲፈጠር ካልተከለከለ በቀር ማንም ሊጠራው ይችላል። ፈንክሽኑ በሠሪው ሥልጣን እንዲሠራ ተደርጎ ከተጻፈ፣ የመጻፍ ፈቃድ የሌለው አንባቢ በእርሱ በኩል መዝገቡን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ይህ አጠቃላይ ፈቃድ በሪቮክ መነሣት አለበት።

አራተኛው፣ ከ15ኛው እትም በፊት የተሠሩ ቋቶች ናቸው። በእነዚያ «ፐብሊክ» በተባለው ስኪማ ውስጥ ማንኛውም ተጠቃሚ ሠንጠረዥ መፍጠር ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 15ኛው እትም ይህን ቢዘጋም፣ ከድሮ ወደ አዲስ እትም የተሻገረ ቋት አሮጌውን ፈቃድ ይዞ ሊመጣ ይችላልና መፈተሽ ያሻል።

አምስተኛው፣ ከ14ኛው እትም ጀምሮ ያለው፣ ሁሉን የማንበብ ሥልጣን የሚሰጠው ዝግጁ ሚና ነው። በአንድ ቃል ሥራውን ስለሚያቀልል ይፈትናል። መርማሪዋን ከአቤቱታው ጋር የሚያገናኛት ግን ይኸው ነው።

በማይኤስኪውኤልም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በዚያ መለያው ስምንና የመጣበትን አድራሻ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ፈቃዱን ከተወሰነ አድራሻ ለሚመጣ ሰው ብቻ መስጠት ይቻላል። አድራሻውን በመቶኛ ምልክት መተካት «ከየትም ይምጣ» ማለት ነውና መወገድ አለበት። ፋይል የተባለው ፈቃድ በሰርቨሩ ላይ ያሉ ፋይሎችን ለማንበብና ለመጻፍ ስለሚያስችል ለአንባቢ ፈጽሞ አይሰጥም።

መንገዱስ?

ፈቃዱ በልክ ተሰፍቶ መንገዱ ክፍት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል በነባሪነት የሚሰማው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ጥሪ ብቻ ነው፤ መደበኛ ፖርቱ 5432 ነው፤ የማይኤስኪውኤል ደግሞ 3306። ከርቀት መግባት ሲፈለግ የሚደረገው የመጀመሪያው ስሕተት ይህን ነባር ጥንቃቄ አንሥቶ ሰርቨሩ ለዓለም ሁሉ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። የፖርቱን ቁጥር መለወጥ ብቻውን አያድንም፤ አሳሹ ማሽን ሌላውንም ቁጥር ይሞክራልና።

የተሻለው መንገድ በሩን ዘግቶ በኤስኤስኤች መሿለኪያ ወይም በቪፒኤን ማስገባት ነው። አንባቢዋ አስቀድማ በራስዋ የኤስኤስኤች ቁልፍ ወደ አንድ መግቢያ ማሽን ትደርሳለች፤ ከዚያ በተመሰጠረው መሿለኪያ ወደ ቋቱ ታልፋለች። መለያዋ መሿለኪያ እንድትከፍት ብቻ እንጂ በማሽኑ ላይ ሌላ ትእዛዝ እንድትሰጥ መፍቀድ አያስፈልግም።

በቋቱ በኩልም የመግቢያ ደንቡ ፋይል ማን፣ ከየት፣ ወደ የትኛው ቋት እንደሚገባ በዝርዝር ሊወስን ይገባል። ከሌላ ማሽን የሚመጣ ግንኙነት ያለ ምስጠራ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል። በአንባቢዋ ኮምፒውተር ላይ ግን የፖስትግሬስኪውኤል ነባሪ አሠራር ምስጠራን የሚመርጥ ብቻ ነው፤ ካጣው ያለ ምስጠራም ይቀጥላል፤ የሰርቨሩንም ማንነት አያረጋግጥም። የሰርቨሩን ሰርተፊኬትና ስም በሙሉ እንዲያረጋግጥ ማዘዝ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ በካፌ ወይም በሆቴል ዋይፋይ መካከል ገብቶ ራሱን ሰርቨር የሚያስመስል ሰው ሊኖር ይችላል።

ብዙ አንባቢ ያለው ማኅበር ከዋናው ሰርቨር ይልቅ ቅጂ ሰርቨር ቢያዘጋጅ ይሻላል። በፖስትግሬስኪውኤል ዋናውን እየተከተለ የሚታደስ ቅጂ ለንባብ ክፍት ማድረግ ከ9.0 እትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይቻላል። በዚያ ቅጂ ላይ ማንም ሊጽፍ አይችልም፤ የአንባቢዎች ከባድ ጥያቄም የዕለቱን ምዝገባ አያዘገይም። ይህን ቅጂ እንደ መጠባበቂያ መቍጠር ግን ስሕተት ነው። በዋናው ላይ የተሰረዘው ረድፍ በቅጂውም ላይ ወዲያው ይሰረዛል። መጠባበቂያው በሌላ ስፍራ፣ ተመስጥሮ፣ አልፎ አልፎም መልሶ በመትከል እየተፈተሸ መያዝ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚገኙ ማኅበራት እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ የዋለው አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ግዴታ ያኖራል። በአንቀጽ 5 መሠረት የሚያዘው መረጃ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን የተወሰነ መሆን አለበት። አንቀጽ 9 ዘርን፣ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትንና ጤናን የሚመለከት መረጃ የተለየ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዝዛል። የስደተኞች ማኅበር መዝገብ ከእነዚህ መካከል አንዱን ሳይይዝ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንቀጽ 33 ደግሞ በሰዎች መብት ላይ ሥጋት የሚያስከትል የመረጃ መጣስ ሲደርስ፣ ከታወቀበት ሰዓት አንሥቶ በተቻለ መጠን በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እንዲነገር ይጠይቃል። ማን ምን እንዳየ የሚያሳይ መዝገብ የሌለው ማኅበር በ72 ሰዓት ውስጥ የሚናገረው አይኖረውም።

ከዚህም በላይ በአውሮፓ ያለ ማኅበር ከአውሮፓ ውጭ ላለ ሌላ ድርጅት መዝገቡን በስክሪን እንዲያይ ሲፈቅድ፣ ፋይል ባይልክም እንኳ ድርጊቱ መረጃን ወደ ውጭ አገር እንደ ማስተላለፍ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ ለለንደን፣ ለዋሽንግተን ወይም ለዱባይ የሚሰጥ የንባብ ፈቃድ ቴክኒካዊ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ውሳኔም ነው።

በአሜሪካ ሁሉን አቀፍ የፌዴራል የመረጃ ጥበቃ ሕግ ባይኖርም፣ 50ውም ግዛቶች የመረጃ መጣስን ማሳወቅ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ በአገር ቤት ቅርንጫፍ ያላቸው ማኅበራት ሊያውቁት ይገባል። በባሕረ ሰላጤውም ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ኳታርና ባሕሬን የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

«እኛ እንተማመናለን፤ ይህ ሁሉ አጥር ለምን?» የሚል ቃል ይሰማል። መተማመን የማኅበር መሠረት መሆኑ አያጠያይቅም። በእድር ገንዘብ ያዡን ደረሰኝ የሚጠይቁት ስለሚጠሉት አይደለም፤ ነገ ሐሜት ሲነሣ የሚያድነው ደረሰኙ ስለሆነ ነው። የመለወጥ ሥልጣን ያልነበራት መርማሪ መዝገቡ ተበላሽቶ ሲገኝ ከጥርጣሬ ነጻ ትሆናለች። የንባብ ብቻ ፈቃድ ለመዝገቡ የሆነውን ያህል ለአንባቢዋም ጥበቃ ነው።

«ባለሙያ የለንም፤ ገንዘብም የለንም» የሚለው ሁለተኛው ነው። ከላይ የተዘረዘሩት መሣሪያዎች በነጻ ይገኛሉ። የሚያስፈልገው የባለሙያ ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ማግኘት ያልቻለ ማኅበር ሌላ ክቡር አማራጭ አለው፤ የመረጃ ቋቱን ለማንም ከርቀት ሳይከፍት፣ የሚያስፈልገውን ማጠቃለያ ብቻ አውጥቶ፣ በምስጠራ ቆልፎ ለመርማሪው በየሩብ ዓመቱ መስጠት ይችላል። በግማሽ ዕውቀት ከተከፈተ በር የተዘጋ በር ይሻላል።

«ሁሉን ብንዘጋ ግልጽነት ይጠፋል» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ክብደት አለው። መዋጮውን የከፈለ አባል ሒሳቡን የማወቅ መብት አለው፤ መልሱም የመዋጮውን እይታ ለመርማሪ በሰፊው መክፈት፣ የአቤቱታውን መዝገብ ደግሞ መዝጋት ነው። ግልጽነት ለገንዘቡ፣ ምሥጢር ለተበደለችው ሴት ይገባል። ሁለቱን በአንድ የይለፍ ቃል ማሰር ሁለቱንም ማጣት ነው።

ለማኅበራት የቀረቡ የውሳኔ ሐሳቦች

1. የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የመረጃ ቋቱን ማን፣ ምኑን፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንደሚያይ በጽሑፍ ይወስን፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይግባ።

2. ከፍተኛው ሥልጣን ከሁለት ሰዎች በማይበልጥ እጅ ይሁን፤ ከአንድ ሰውም አይነስ። ለዕለት ሥራ እነርሱም ቢሆኑ ዝቅተኛ መለያ ይጠቀሙ።

3. እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ መለያ ይኑረው፤ የጋራ የይለፍ ቃል ይቅር፤ የይለፍ ቃልም በመልእክት መላኪያ አይላክ።

4. የንባብ ፈቃድ በእይታዎች ላይ እንጂ በዋና ሠንጠረዦች ላይ አይሰጥ። የአቤቱታ ስሞችና አድራሻዎች ለማንም የርቀት አንባቢ አይታዩ።

5. የመረጃ ቋቱ ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት አይሁን፤ መግቢያው በመሿለኪያ ወይም በቪፒኤን፣ በተረጋገጠ ሰርተፊኬት ይሁን።

6. ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። በፖስትግሬስኪውኤል የይለፍ ቃል ማብቂያ ቀን ቢደረግም የተከፈተን ግንኙነት አያቋርጥም፤ በቁልፍ ወይም በሰርተፊኬት የሚገባንም አያግድም። ስለዚህ አንባቢ ሲለቅ መለያው እንዳይገባ ይደረግ፤ ክፍት ግንኙነቱም ይቋረጥ።

7. መግባትና መውጣት ይመዝገብ። አቤቱታን የሚመለከት ቋት ላይ የትኛው ሠንጠረዥ በማን እንደ ተነበበ የሚመዘግበው ፒጂኦዲት የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ይተከል። መዝገቡንም በወር አንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ይመደብ።

8. ሥራው ሲያልቅ ይፈተሽ። ባለሙያው በአንባቢው መለያ ገብቶ አንድ የሙከራ ረድፍ ለመሰረዝ፣ አንዱን ለመለወጥ፣ የአቤቱታውን ሠንጠረዥም ለማንበብ ይሞክር። ሦስቱም «ፈቃድ የለም» የሚል መልስ ካላገኙ ሥራው አላለቀም። ፍተሻው እትም በተቀየረና አዲስ ሠንጠረዥ በተጨመረ ቁጥር ይደገም።

እነዚህ ስምንት ነጥቦች በአንድ ስብሰባ ሊጸድቁ፣ በጥቂት ቀናትም ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው። በቅድሚያ የሚጠየቀው ግን ከሁሉ የሚያንሰው ነው፤ እያንዳንዱ ማኅበር እስከሚቀጥለው ስብሰባው ድረስ የመረጃ ቋቱን ዋና የይለፍ ቃል የሚያውቁትን ሰዎች በስም ይቍጠር። ቁጥሩ ከሁለት ከበለጠ፣ ወይም ስንት እንደ ሆኑ የሚያውቅ ካልተገኘ፣ የይለፍ ቃሉ በዚያው ቀን ይለወጥና ሥራው ከዚያ ይጀመር።